አስራ ሁለተኛው ክዳን

ጠርሙስ አፍ አለው፣ አንገትና ትከሻ፤
የኔ እንጀራ ግን ያለው ከአፉ መጨረሻ፣
ሳንቲም ከማታክል ክብ መዳረሻ።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሞራቪያ፣ ቤችቫ ወንዝ ዳር፣ ከፋብሪካው ፎቅ፣
አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠበብበት፣ የምጨነቅ፦
የወጣው እንዳይመለስ፤ ባዶው ባዶ ሆኖ እንዲቀር፤
በታወቀ ስም ላይ ያልታወቀ እንዳይሰፈር።

ችግሩ አየር ነው።
የፕሪም አረቄው እንዲወጣ፣ አየር መግባት አለበት፤
አየር የገባበት ደግሞ፣ ውሃም መንገድ አያጣበት።
ስለዚህ ብይ አኖርኩ፣ የልጅ ጥርስ የምታክል፣
ጠርሙሱ ሲያዘነብል ሸርተት ብላ ዞር የምትል፣
ሲቀና ተንከባልላ ጉሮሮው ላይ የምትተከል።

አለቃዬ ሆራሌክ «ሥራሽን የሚፈትን አገኘሁ» አለኝ፤
መሐንዲስ ስጠብቅ፣ ሽማግሌ ይዞ መጣልኝ።
ኦታካር ይባላል። ኮፍያው የወየበ፣ ጣቱ የሰለጠነ፣
በዚሁ ጥበብ ሁለት ጊዜ በፍርድ ቤት የተኮነነ፤
ምድር ቤት ተደብቆ በመርፌና በቀሰም፣
ርካሹን አረቄ በውዱ ጠርሙስ ስም
ለመጠጥ ቤቶች የሸጠ።

የመጀመሪያውን ክዳን በሻይ ሰዓት ጨረሰው፤
ሙቅ ውሃ ነከረና ላስቲኩን አለሰለሰው።
ሁለተኛውን በሽቦ፣ ሦስተኛውን በመርፌ ሞላ፤
አራተኛውን አላየሁም፤ የተመለስኩት ከምሳ በኋላ።
አምስተኛውን «ይሄስ ይሻላል» ብሎ አመሰገነና፣
በብስክሌት መንፊያ ነፍቶ፣ ሞልቶ አስረከበኝ እንደገና።

ስድስተኛው ላይ ከብይዋ ጀርባ ሞላ ጨመርኩ፤
«ሞላ ያለው አይሞላም» ብዬ ለሆራሌክ ፎከርኩ።
ሽማግሌው እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ፣
አዳመጠው፤ ወዘወዘው፤ በጣቱ አንኳኩቶ።
የዚያን ማታ ማስታወሻዬ ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፦
ሞላ።

ከሰባት እስከ አስራ አንድ ያለውን አልተርክም።

አንድ ቀን ጠርሙስ እያጠበ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣
«ርካሽ ነበር እንጂ መርዝ አልጨመርኩም» አለ። «የገዛሁት በርሜል ግን… ማን መረመረው፣ ማን ጠየቀው?»
ውሃውን ዘጋ።

ዓርብ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጋዜጣ ብብቱ ሥር ይወጣል።
«ወዴት ነው?» አልኩት። «የማነብለት ሰው ይጠብቀኛል።»
ራሱ አያነብም ወይ ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ እንዳለ
የኦታካርን እጅ አየሁት፤ ጋዜጣውን ጨምድዶ ያዘ፣ እንደ ሰው እጅ አባበለ።
ተውኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክዳን ሠሪ ይህን ያውቃል።

አስራ ሁለተኛው፦ ሁለት ብይ፣ ጠመዝማዛ ጉሮሮ፣
ሲከፈት የሚሰበር ቀለበት፣ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ተሠርሥሮ።
ሦስት ሳምንት ታገለው። መርፌው ተሰበረ፤ ሽቦው ተጣመመ፤
መንፊያው ነፍቶ ነፍቶ ደከመ።
በአራተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ጠርሙሱን ፊቴ አኖረ፤
እስከ አንገቱ ሌላ አረቄ። ቀለበቱ እንዳልተሰበረ።

ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመቴ ከሆዴ ፈሶ አለቀ።
እሱ ግን ሳቀ፤ ገለበጠው፤ ቂጡን በጥፍሩ ፋቀ፤
የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ፣ በመስታወት ሙጫ የተደፈነች።
«አፉን ጠበቅሽ፣ ልጄ። ቂጡን ማን ይጠብቅ?»

«እንግዲህ አስራ ሦስተኛ ልሥራ» አልኩ።
«ኧረ ፈርሚበት! ይቺን ለመብሳት ሳምንታት ፈጀብኝ፤
አራት ጠርሙስ እጄ ላይ ፈነዳብኝ።
ሌባ ሰነፍ ነው። ይሄን ሁሉ የሚታገሥ ከሆነማ፣
ሠርቶ ይበላ ነበር፣ እንደማንም ሰው፣ በከተማ።»

ፈረምኩ።
ኮፍያውን ደፋ፤ ጋዜጣውን አነሣ፤ በሩ ላይ ግን ቆመ።
«ከክዳኖቹ አንዷን ስጪኝ። በጣቱ ይዳብሳት።»
ለማን ነው አላልኩም፤ ሰጠሁት።
ብይዋ ኪሱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ስትል፣
እስከ ታችኛው በር ድረስ ድምፅዋን ሰማሁት።